ዐይን እያየ እጅ ሲስት
ባሊንት ስለ ተባለው ሕመም ለመምህራንና ለሽማግሎች የቀረበ መግለጫ

ሰው ሁሉ ዐይንን የማየት፣ እጅን የመሥራት መሣሪያ አድርጎ ይቈጥራል። ከዚህም የተነሣ ዐይኑ የታመመ ሰው ሲደናበር ባየን ጊዜ እጁን ይዘን እንመራዋለን፤ እጁ የሰለለ ሰው ዕቃ ማንሣት ሲያቅተው ብናይ እናግዘዋለን። ዳሩ ግን ዐይኑ የጠራ፣ እጁም የጸና ሰው ከፊቱ ያለውን ስኒ ለማንሣት እጁን ዘርግቶ ከስኒው አልፎ ባዶ ስፍራ ሲጨብጥ ብናይ ምን እንላለን? አንዱ ሰክሯል ይላል፤ ሁለተኛው ልቡን አላደረገም ይላል፤ ሦስተኛው ቡዳ በልቶታል ይላል። እንዲህ የሚሆነው ሰው ተማሪ የሆነ እንደ ሆነም ሰነፍ ተብሎ ይገረፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንደዚህ ያለ ሰው ከስካርና ከስንፍና የራቀ፣ በአንጎል ሕመም ምክንያት የሚቸገር ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ነው። ሕመሙ የሚያገኘው ጥቂት ሰዎችን ነው። ጥቂት ሰዎችን ብቻ ማግኘቱ ግን ሳይታወቅ እንዲኖር አደረገው፤ ሳይታወቅ ስለሚኖርም የታመመው ሰው ከሕመሙ ይልቅ በሰው ፍርድ ይጐዳል። ፍርድ ከመስጠት በፊት መመርመር የመምህርም የሽማግሌም ሥራ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በየተራው እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩፤ ማየት እንደ ምን እንደሚፈጸም

ዐይን የማየት ደጅ ናት እንጂ የማየት ቤት አይደለችም። ብርሃን በዐይን ብሌን ገብቶ ከውስጥ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል። ከዚያም የዐይን ነርቭ መልእክቱን ተቀብሎ ከራስ ቅል በስተ ኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ወዳለው የአንጎል ክፍል ያደርሰዋል። መልእክቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ በሁለት መንገድ ይከፈላል። ፊተኛው መንገድ ወደ ታችና ወደ ጎን፣ በጆሮ አጠገብ ወዳለው ክፍል ይሄዳል፤ ሥራውም የታየው ነገር ምን እንደ ሆነ መለየት ነው። ይህ ስኒ ነው፣ ይህ መጽሐፍ ነው፣ ይህ የወንድሜ ፊት ነው የሚያሰኘው እርሱ ነው። ኋለኛው መንገድ ወደ ላይ፣ ከራስ ዘውድ በስተ ኋላ ወዳለው ክፍል ይወጣል፤ ሥራውም የታየው ነገር በየት በኩል፣ በምን ያህል ርቀት እንዳለ ለይቶ እጅንና ዐይንን ወደዚያ መምራት ነው።

ነገሩን በመዝገብ ቤት ሥራ መስለን እንመልከተው። ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት በገባ ጊዜ አንዱ ጸሐፊ ከማን እንደ መጣና ስለ ምን እንደሚናገር ያነባል፤ ሁለተኛው ጸሐፊ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀመጥ ወስኖ ለተላላኪው ይነግረዋል። ሁለተኛው ጸሐፊ የታመመ እንደ ሆነ፣ ደብዳቤው ደኅና ሆኖ ተነብቦ ሳለ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ይጠፋል። ደጁም ክፍት ነው፤ ተላላኪውም ጤነኛ ነው፤ የጐደለው ተላላኪውን የሚመራው ሰው ነው።

ኡንገርላይደርና ሚሽኪን የተባሉ ተመራማሪዎች የጦጣዎችን አንጎል መርምረው ይህን የሁለት መንገዶች ትምህርት በ1982 አወጡ። ከዚያ በኋላ ጉዴልና ሚልነር የተባሉ ሊቃውንት በ1992 ላይ፣ የላይኛው መንገድ ዋና ሥራ እጅንና ሰውነትን ወደሚታየው ነገር መምራት ነው ብለው ትምህርቱን አሰፉት። ሁለቱ መንገዶች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ፈጽመው የተለያዩ አይደሉም። ቢሆንም አንዱ ተጐድቶ ሌላው ሊተርፍ እንደሚችል የታመሙ ሰዎች ምርመራ አሳይቷል።

፪፤ ባሊንት የመረመረው ሰው

ሬዦ ባሊንት በ1874 ቡዳፔስት በተባለችው የሀንጋሪ ከተማ የተወለደ ሐኪም ነበር። በ1909 ስለ አንድ በሽተኛ ጽሑፍ አወጣ። ይህ በሽተኛ ዐይኑ ሲመረመር ደኅና ያይ ነበር፤ ያየውንም ነገር ስሙን ጠርቶ ይናገር ነበር። የእጁም ኀይል አልደከመም። ነገር ግን በገበታ ተቀምጦ በግራ እጁ በሹካ የያዘውን ሥጋ በቀኝ እጁ ሊቈርጥ ሲፈልግ፣ ቢላዋውን ከሳሕኑ ውጭ ያሳርፍ ነበር። ሲጋራ ሊያቀጣጥል ክብሪት ሲጭርም እሳቱን በጫፉ በማድረግ ፈንታ በመካከሉ ያደርገው ነበር።

ባሊንት ይህ ስሕተት የእጅ ድካም እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። ስለዚህ በሽተኛው በቀኝ እጁ የገዛ ሰውነቱን ክፍሎች እንዲነካ አዘዘው። ሰውዬውም ሳይስት ነካ። እንግዲህ ቀኝ እጁ የሚስተው በዐይን የሚመራ ሥራ በሆነ ጊዜ ብቻ መሆኑ ተገለጠ። ሰውዬው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ጕዳቱ በግራም በቀኝም፣ ከላይና ከኋላ ባለው ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም አስቀድመን ኋለኛው መንገድ ያልነው የሚያልፍበት ስፍራ ነው።

ከዚህ በኋላ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጎርደን ሆምስ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ራሳቸውን የቈሰሉ ወታደሮችን መረመረ። በ1918 ባወጣውም ጽሑፍ ስለ ስድስት ወታደሮች ተናገረ። እነዚህ ሰዎች ነገርን እያዩ በየት እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ መለየት ተስኗቸው ነበር፤ ሊይዙት የፈለጉትን ይስቱ፣ ሲሄዱም ከፊታቸው ካለው ነገር ጋር ይጋጩ ነበር። በ1954 ላይ ኤካንና አዡርያጌራ የተባሉ ሐኪሞች እነዚህን ምልክቶች በአንድነት ሰብስበው በፊተኛው መርማሪ ስም ሰየሟቸው። ሕመሙም እስከ ዛሬ የባሊንት ሕመም ተብሎ ይጠራል።

፫፤ የሕመሙ ሦስት ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት እጅ በዐይን ሲመራ መሳቱ ነው። በሽተኛው ዕቃውን ያያል፣ ስሙንም ይናገራል፤ እጁን ሲዘረጋ ግን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ፣ ወይም አልፎ፣ ወይም ሳይደርስ ይቀራል። በመጨረሻም እንደ ማየት የተሳነው ሰው ዳብሶ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ምልክት በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አለማየት ነው። ከፊቱ ጀበናና ስኒ ቢቀመጥ ጀበናውን ሲያይ ስኒው ይጠፋበታል፤ ስኒውን ሲያይ ጀበናው ይጠፋበታል። አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለ የሩሲያ ሊቅ በ1959 ያሳተመው ምርመራ ይህን በግልጥ ያሳያል። በሽተኛው በክብ ሥዕል መካከል ነጥብ እንዲያኖር ታዘዘ፤ ነገር ግን ወይ ክቡን ወይ የእርሳሱን ጫፍ ብቻ ያይ ስለ ነበር ነጥቡን በመካከል ማድረግ አልቻለም። መምህር ሁሉ ይህን ያስተውል፤ መጻፍ ማለት መሥመሩንና የብዕሩን ጫፍ በአንድነት ማየት ነውና።

ሦስተኛው ምልክት ዐይንን በፈቃድ ማዞር አለመቻል ነው። የዐይን ጅማቶች ጤነኞች ናቸው፤ ቢሆንም በሽተኛው አንድ ጊዜ ካተኰረበት ነገር ላይ ዐይኑን አንሥቶ ወደ ሌላ ማሳረፍ ይቸግረዋል። ከዚህም የተነሣ የሚያነጋግረውን ሰው ፊት ፈልጎ ሲያጣ ይታያል። የማያውቁት ሰዎችም ንቆን ፊቱን ነሣን ብለው ይቀየሙታል።

ሦስቱም ምልክቶች በእያንዳንዱ በሽተኛ ላይ እኩል አይጸኑም፤ በአንዱ ላይ አንደኛው፣ በሌላው ላይ ሁለተኛው ይበረታል።

፬፤ ሕመሙ ከምን እንደሚመጣ

ይህ ሕመም በሙሉ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ ጕዳቱ በአንጎል ግራና ቀኝ በሁለቱም ወገን ሲሆን ነው፤ ስለዚህም ጥቂት ሰው ብቻ ያገኛል። ከምክንያቶቹ አንዱ ስትሮክ የሚባለው፣ የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው አደጋ ነው። ሌላው ብዙ ደም ሲፈስ ወይም ልብ ለጥቂት ጊዜ መምታት ሲያቆም የሚደርሰው የደም ማነስ ነው። ይህን በመስኖ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ከወንዝ የተጠለፈ ውሃ ባነሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርቀው ከቦዩ መጨረሻ ያለው ማሳ ነው፤ እንደዚሁም የላይኛውና የኋለኛው የአንጎል ክፍል ከትልልቆቹ የደም ሥሮች ጫፍ ላይ ስላለ፣ ደም ባነሰ ጊዜ ቀድሞ ይጠማል።

የከሰል ጢስም አንዱ ምክንያት ነው። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በመርዙ ብዙ ሰዎች በእንቅልፋቸው ሞተዋል፤ ከሞት ከተረፉትም አንዳንዶች አንጎላቸው ተጐድቶ የባሊንት ምልክቶች ታይተውባቸዋል። ስለዚህ በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት እንደማይገባ ለሕዝብ መንገር የመምህራንና የሽማግሎች ግዴታ ነው።

በሸመገሉ ሰዎች ላይ ደግሞ የአንጎል የኋላ ክፍል ቀስ በቀስ እየመነመነ የሚሄድበት ሕመም አለ። ቤንሰን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1988 ስለዚህ ሕመም ጽፏል። ከአልዛይመር ሕመም ወገን የሚቈጠር ሲሆን፣ ከሌላው የሚለየው የማስታወስ ኀይል ከመድከሙ በፊት የማየት ሥርዓት በመበላሸቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል።

በሕፃናት ላይ ሙሉው የባሊንት ሕመም እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ለእርሱ ቅርብ የሆነ፣ ቀለል ያለ ችግር አለ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ሲወለድ ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም የማጅራት ገትር ይዞት የተረፈ ሕፃን ዐይኑ ደኅና ሆኖ ሳለ የላይኛው የአንጎል መንገድ ሊጐዳበት ይችላል። ጎርደን ደተን የተባለ የግላስጎው ከተማ የዐይን ሐኪም ስለ እንደዚህ ያሉ ልጆች ብዙ ጽፏል። እንደ እርሱ አገላለጥ፣ ልጆቹ ከብዙ ዕቃ መካከል አንዱን መለየት፣ በሰው ብዛት መካከል ወላጃቸውን ማግኘት፣ ደረጃ መውረድ ይቸግራቸዋል። በየመንደሩ ትምህርት ቤት ከሙሉው የባሊንት ሕመም ይልቅ መምህር የሚያገኘው ይህን ነው።

፭፤ ሕመሙን ከሌላ ነገር ስለ መለየት

ሕመሙን አረጋግጦ ስም የሚሰጥ ሐኪም ነው። ዳሩ ግን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው መምህሩ ወይም ሽማግሌው ስለ ሆነ፣ ጥርጣሬውን የሚያጠነክር ወይም የሚያስወግድ ቀላል ፈተና ማወቅ ይጠቅማል። ፈተናው በጓደኞቹ ፊት አይደረግ፤ ሰው በተሰበሰበበት ማሳፈር ነውርም ነው፣ ያስደነግጠውና ውጤቱንም ያበላሻልና።

አንደኛ፤ መምህሩ አንድ ብዕር ብቻውን ያሳይ፤ ልጁም ስሙን ይናገር። ስሙን ከተናገረ ዐይኑ እንደሚያይ ይታወቃል።

ሁለተኛ፤ መምህሩ ብዕሩን ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያደረገ ልጁ በጣቱ ጫፍ እንዲነካው ያድርግ፤ ይህንም በቀኝ እጁም በግራ እጁም ይፈትን።

ሦስተኛ፤ ልጁ ዐይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ ጕልበቱን ይንካ።

አራተኛ፤ ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ ልጁም ስንት እንደሚያይ ይናገር።

በመጀመሪያውና በሦስተኛው ያልሳተ ልጅ በሁለተኛው ወይም በአራተኛው ደጋግሞ የሳተ እንደ ሆነ፣ መምህሩ ነገሩን ከስንፍና ሳይቈጥር ለወላጆቹ ነግሮ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል እንዲላክ ያድርግ። በሦስተኛውም የሳተ እንደ ሆነ፣ ችግሩ የእጅ ወይም የሚዛን ሊሆን ስለሚችል እርሱም ቢሆን ለሐኪም ይነገር። መነጽር የሚረዳው ዐይን በደከመ ጊዜ ስለ ሆነ ይህን ሕመም አያድንም፤ ሆኖም ሁለቱ ችግሮች በአንድ ልጅ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ ዐይንም ይመርመር።

የዚህ ሕመም ተቃራኒ የሆነ ሌላ ሕመም መኖሩም ይታወቅ። በ1988 አንዲት ሴት በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዛ የፊተኛው መንገድ ተጐዳባት። እርስዋም የቀዳዳን አቅጣጫ፣ ቁሞ ወይም ተጋድሞ እንደ ሆነ፣ በዐይኗ ለይታ መናገር አትችልም ነበር፤ ነገር ግን ካርድ በቀዳዳው እንድታስገባ በታዘዘች ጊዜ እጇ ካርዱን እንደ ቀዳዳው አዙሮ በትክክል ያስገባው ነበር። ባሊንት ያየው ሰው ዐይኑ ዐውቆ እጁ ይስታል፤ ይህች ሴት ግን ዐይኗ ሳያውቅ እጇ ይደርሳል።

በድንገት የመጣ ከሆነ ግን ፈተና ማድረግ አያስፈልግም። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ዛሬ እጁ ቢስት፣ አፉ ቢጣመም፣ ንግግሩ ቢተሳሰር፣ አንድ ወገኑ ቢዝል፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በስትሮክ ጊዜ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የአንጎልን ክፍል ይገድላል። ጠበል የሚወስዱትም ቢሆኑ ሕክምናውን አስቀድመው ጠበሉን ማስከተል ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

፮፤ በቤት ውስጥ ስለሚሆን አኗኗር

የሞተውን የአንጎል ክፍል የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሆኖም በስትሮክ ወይም በቍስል የታመመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ጥቂት በጥቂት ሊሻለው ይችላል፤ የደም ግፊቱን ተከታትሎ ማስታገሥም ሁለተኛ አደጋ እንዳይመጣበት ይረዳል። ቀስ በቀስ በሚመነምነው ሕመም የተያዘ ሰው ግን እየከፋበት ስለሚሄድ፣ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ከመድኃኒት ይልቅ ኑሮን የሚያቀልለው የቤት ሥርዓት ነው።

ፊተኛው ሥርዓት ዕቃን በስፍራው ማኖር ነው። የውሃ ጣሳው፣ ምርኵዙ፣ ነጠላው ዘወትር በአንድ ስፍራ ከተቀመጠ ዐይኑ ያጣውን እጁ በልማድ ያገኘዋል። ሁለተኛው ዕቃን ማሳነስ ነው፤ በፊቱ ዐሥር ነገር ከሚደረደር አንድ ወይም ሁለት ይቀመጥለት። ሦስተኛው በቀለም መለየት ነው፤ ነጭ ስኒ በጥቍር ጨርቅ ላይ ቢቀመጥ ለማግኘት ይቀላል። አራተኛው መዳሰስን ማለማመድ ነው። እጁን በአየር ላይ ከሚወረውር ይልቅ የገበታውን ጠርዝ ይዞ፣ ጠርዙን እየተከተለ እስከ ስኒው ይሂድ።

ስለ ምግብም እንናገር። በአገራችን ሰው በአንድ መሶብ ዙሪያ ይበላል። እጁ የሚስት ሰው ወደ ሌላው ሰው ፊት ሲሻገር ያፍራል፤ ካፈረም በኋላ ጠግቤአለሁ እያለ ተርቦ ይነሣል። ይህን አይቶ ለብቻው በጓዳ እንዲበላ ማድረግ ሕመሙን በእጥፍ መጨመር ነው። የሚሻለው ከዚያው ገበታ ላይ ሆኖ እንጀራው በፊቱ፣ በጠርዙ በኩል እንዲሆንለት፣ ወጡም አንድ በአንድ እንዲቀርብለት ማድረግ ነው። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ዳሩ ግን ሽማግሌውን ሁልጊዜ ማጕረስ እንደ ሕፃን መቍጠር ስለሚሆን፣ በራሱ እጅ የሚችለውን ያህል እንዲበላ ይተውለት።

በንግግር በኩል «እዚያ ነው»፣ «ያውልህ» ማለት ለእርሱ አይረባም፤ ጣት መጠቈምም አይረዳውም። «ከቀኝ ጕልበትዎ አጠገብ ነው» ማለት ግን ይረዳዋል፤ የገዛ ሰውነቱ ስፍራ አልጠፋበትምና። ሰው ወደ እርሱ ሲቀርብ ስሙን ይናገር፤ ሁለት ሰዎችም በአንድ ጊዜ አያናግሩት። በመንገድ ላይ የሚመራውን ሰው ክንድ ይያዝ። መኪና በሚያልፍበት መንገድ ብቻውን አይሻገር። እሳትና የፈላ ውሃ፣ ቢላዋና ማጭድ፣ መጥረቢያም ለብቻው አይሰጠው፤ መኪናም አይንዳ።

እንደዚህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ሥራ ፈት ሆኖ መኖር የለበትም። ቴሪ ፕራቸት የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ አስቀድመን በተናገርነው፣ የአንጎል የኋላ ክፍል በሚመነምንበት ሕመም መያዙን በ2007 ለሕዝብ ገለጠ። ዕድሜው 59 ዓመት ነበር። ፊደላቱን በጽሕፈት መኪና መምታት በተሳነው ጊዜ ብዕሩን አልጣለም፤ ቃሉን እየተናገረ ለረዳቱና ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚለውጥ መሣሪያ ያስጽፍ ነበር። በዚህም አኳኋን እስከ ሞተበት እስከ 2015 ድረስ መጻሕፍት ሲያወጣ ኖረ። እጁ የተወውን ሥራ በአፉ ፈጸመው። ቃል እየተናገሩ ማስጻፍ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን ጸሐፊ አስቀምጠው ሲያጽፉ ኖረዋል። ስለዚህ እጁ የሚስት ሽማግሌ በሽምግልና ጕባኤ ከመቀመጥ፣ ነገር ከመስማትና ከመፍረድ ሊከለከል አይገባም።

፯፤ በትምህርት ቤት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ምክንያት የሚሳሳት ልጅ አይመታ፣ አይሰደብም። ዱላ የሚፈራን ልጅ ሊያስቸኵለው ይችላል፤ የተጐዳ የአንጎል መንገድ ግን በፍርሃት አይጠገንም። የሚቸኵል እጅም ከሚዘገየው ይልቅ ይስታል።

ንባብን በተመለከተ የቀድሞው ትምህርት ቤታችን ራሱ መድኃኒት አለው። ሕፃን ፊደል ሲቈጥር በስንደዶ እየጠቈመ አንዱን ፊደል ለይቶ ይጠራ ነበር፤ ስንደዶው ዐይኑን ይዞለት ከፊደል ወደ ፊደል ይሄድ ነበር። ለዚህም ልጅ እንደዚሁ ይደረግለት። ከዚህም ሌላ ከወፍራም ወረቀት መካከል አንድ መሥመር ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ተቈርጦ በገጹ ላይ ቢደረግለት፣ ከላይና ከታች ያሉት መሥመሮች ተሸፍነው የሚያነበው ብቻ ይታየዋል። ለሚብስበትም ልጅ ቀዳዳው በአንድ ቃል ልክ ይሁን።

በጽሕፈትም ጊዜ የብራና ጸሐፊዎችን ልማድ እናስታውስ። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ እያሰመረ ያዘጋጅ ነበር። ለዚህ ልጅም ጣቱ የሚያውቀው መሥመር ይውጣለት፤ ወረቀቱን አጥፎ በጥፍር መጫን ይበቃል። ግራ እጁ መሥመሩን እየዳሰሰ ቀኝ እጁን ይመራዋል። ፊደሉ ይተልቅ፤ በቃልና በቃል መካከልም ሰፊ ቦታ ይተው። ሒሳብም በአንድ ገጽ ላይ አንድ ብቻ ይጻፍለት።

ከሰሌዳ መገልበጥ ከሁሉ ይከብደዋል፤ ዐይኑን ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ አውርዶ እንደ ገና ሲመልስ የነበረበት ስፍራ ይጠፋበታልና። ስለዚህ አጠገቡ ያለው ተማሪ ያንብብለት፣ እርሱም እየሰማ ይጻፍ። መምህሩም በሰሌዳው ላይ የማያስፈልገውን ጽሑፍ ያጥፋ። የመቀመጫው ስፍራ አይለወጥ፤ ወደ መቀመጫው የሚወስደውም መንገድ ከዕቃ የጸዳ ይሁን። በኳስ ጨዋታ ኳሱን ሲስት ልጆች ቢስቁበት፣ መምህሩ በመዝሙር ወይም በቃል ጥያቄ የሚበልጥበትን ተራ ይስጠው።

ፈተና ሲደርስም የሚያውቀውን በቃሉ ይመልስ። በአብነት ትምህርት ቤት የመጽሐፍ ትምህርት በቀን፣ የቃል ትምህርት በሌሊት እንደሚሰጥ አባቶች ያውቃሉ። በጨለማ ያለ መጽሐፍ፣ በጆሮ ብቻ ተምረው መምህር የሆኑ ብዙዎች ናቸው፤ ዐይናቸው የጠፋ ሰዎችም ቅኔንና ዜማን በዚሁ መንገድ አደላድለው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዐይን ለጠፋበት የተከፈተው የጆሮ በር እጁ ለሚስተው ልጅ ሊዘጋበት አይገባም።

፰፤ ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ይህ ነው። ሰው አይቶ ሲስት የሚስትበት ምክንያት ከዐይኑም ከእጁም ከልቡም ውጭ፣ በመካከል ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ መምህር ልጅ ቀለም ሲደፋ ባየ ጊዜ ዱላ ከማንሣቱ በፊት ብዕሩን አንሥቶ «ይህ ምንድር ነው? በጣትህ ንካው» ይላል። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌም ጎረቤቱ ስኒ ሲስት ባየ ጊዜ ሰክሯል ከማለቱ በፊት ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ትናንት ከሆነም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ያደርሰዋል።

ይህን ገጽ ያነበበ መምህር ለወላጆች ስብሰባ ያንብበው። ሽማግሌም በእድርና በሰንበቴ ጉባኤ ይናገረው፤ በተለይም ስለ ከሰል የተጻፈውን ቃል ክረምት ከመግባቱ በፊት ለየቤቱ ያድርስ።